ጥድ ጉብታ ላይ የሚተከለው ለምንድን ነው?

በክረምት አራት ኪሎ አካባቢ ችግኝ ሲተከል ሁሉም ጉድጓድ ይቆፍራል። ስለዚህ ፊንላንድና ስዊድን ውስጥ አፈር ቆልለው ጥድ ጉብታው ላይ ሲተክሉ ያየ ሰው ግር ይለዋል። ነገሩ ወዲህ ነው። እኛ ጋ ችግኙን የሚፈትነው የበጋው ድርቅ ነው፤ ጉድጓዱ ውሃ ይይዝለታል። እዚያ ግን ደኑ ከተቆረጠ በኋላ ብዙ ቦታ መሬቱ ቀዝቃዛና ረግረግ ይሆናል። ከላይ የተነጠፈው ወፍራም ብስባሽ ሙቀት ወደ ታች አያሳልፍም። ሥር ደግሞ በቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ንቅንቅ አይልም! ስለዚህ በኤክስካቫተር ብስባሹን ገልብጠው የታችኛውን አፈር ከላይ ያለብሱታል። ጉብታው ቶሎ ይሞቃል፣ ውሃውም ይንጠፈጠፋል። ልጥ የሚበላው ጢንዚዛ እንኳ ባዶ አፈር ላይ መመላለስ ብዙም አይወድም። ታዲያ ችግኙ ጠለቅ ብሎ መተከል አለበት፤ አለበለዚያ ጉብታው ሲደርቅ አብሮ ይደርቃል።