አዲስ ተመራቂዎችን ከሥራ የሚያርቁ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የመውጫ ፈተናውን ያለፈ ወጣት ማመልከቻ እንኳ ሳያስገባ ተስፋ ሲቆርጥ ማየት ያንገበግበኛል። ብዙዎቹን የሚያስቀራቸው ከሰው አፍ የሰሙት ወሬ ነው። የሥራ ገበያው ጠባብ መሆኑ እውነት ቢሆንም ወሬው የበለጠ ያጠበዋል።

«ዘመድ ከሌለህ አትቀጠርም።» አድልዎ መኖሩን አልክድም፤ ማስታወቂያው ሳይለጠፍ ሰው የተመረጠበት ቦታ አለ። ሆኖም ሁሉም መንገድ በዘመድ የሚዘጋ አይደለም። ትንንሽ ድርጅቶች ጋዜጣ ላይ ለማውጣት ገንዘብ ስለማያወጡ የሚያምኑትን ሠራተኛ «የምታውቀው ጎበዝ ልጅ አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ያ ሠራተኛ ደግሞ አምና የተመረቀ የክፍል ጓደኛችሁ ወይም በተግባር ልምምድ ወቅት ሥራ ያሳያችሁ ሰው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «አስቀጥረኝ» ከማለት ይልቅ «መሥሪያ ቤታችሁ ሰው ሲፈልግ ንገረኝ» በሉት። ይህ ማንንም አያስቸግርም፤ እናንተንም አያሳፍርም።

«ልምድ ሳይኖር ማመልከት ከንቱ ድካም ነው።» ባንኮችን ጨምሮ በርካታ ቀጣሪዎች «0 ዓመት ልምድ» ብለው ያወጣሉ፤ እነዚህን ለይታችሁ ተከታተሉ። በውል የተሠራ የጥቂት ወራት ሥራም ልምድ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ መስጠት አለበት። ከሥራ ስትለቁ ይህን ሳትይዙ አትውጡ።

«ማስተርስ ብይዝ ይሻላል።» ለማስተማርና ለምርምር አዎን። ለሌላው ግን ልምድ የሌለው የሁለተኛ ዲግሪ ተመራቂ የጀማሪው ቦታ አይመጥነውም ይባላል፤ ለከፍተኛው ቦታ ደግሞ ልምድ ይጠየቃል። አንድ ሁለት ዓመት ሠርቶ መማር በአብዛኛው የተሻለ ምርጫ ነው።

«ሲቪ ሲረዝም ያስከብራል።» ለጀማሪ ከሁለት ገጽ አይለፍ።

«ለመመዝገቢያ ካልከፈልኩ ሥራ አያገናኙኝም።» እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ተጎድቷል። በአገር ውስጥ ሥራ የሚያገናኝ ኤጀንሲ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ መቀበል አይችልም፤ ክፍያው ከአሠሪው ነው። «የፎርም»፣ «የሥልጠና»፣ «የመታወቂያ» እየተባለ አስቀድሞ ገንዘብ ከተጠየቃችሁ ተመለሱ። ቤተሰብ ተበድሮ የላከው ብር ለደላላ ኪስ አይደለም።

«በሙከራ ጊዜ ደመወዝም መብትም የለም።» ይህን የሚያናፍሱት የሚጠቀሙበት አሠሪዎች ናቸው። በዚሁ አዋጅ የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ስምምነት የሚደረግ ሲሆን ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ አይችልም። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩበት ሕግ የተለየ ነው፤ የግል ድርጅቶች ግን «ስድስት ወር ሙከራ ነህ» ሊሉ አይችሉም። በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ ደመወዙ ይከፈለዋል፤ ሕጉ በግልጽ ካልለየው በስተቀር መብትና ግዴታውም እንደ ሌላው ነው። እርግጥ ለሥራው ተስማሚ ካልሆነ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብተው ይችላል፤ ሠራተኛውም ያለ ማስጠንቀቂያ የመልቀቅ መብት አለው።

«ውል ስላልፈረምኩ መከራከር አልችልም።» የሥራ ውል የግድ በጽሑፍ መሆን የለበትም። ውሉ በቃል ከሆነ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ ዝርዝሩን የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት፤ ባይሰጥም የሠራተኛው መብት አይቀርም። የቅጥር ደብዳቤ፣ የባንክ ደመወዝ ዝርዝር፣ የስልክ መልእክት፣ የሰዓት መቆጣጠሪያ ፊርማ፣ ሁሉንም አስቀምጡ። ደመወዝ ካልተከፈላችሁ ግን «ቆይ፣ ይስተካከላል» በሚል ተስፋ አትዘግዩ፤ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ ውድቅ ይሆናል።