የድድ ሕክምናና የካርዱ ምስክርነት

የተቦረቦረ ጥርስ ያለው ሰው ጉንጩን ይዞ ሲቃትት ያድርና በማለዳ ክሊኒክ ይደርሳል። ድዱ የታመመ ሰው ግን አይቸኩልም። ጥርሱን ሲያጸዳ ትንሽ ደም ያያል፣ ይተፋዋል፣ ይረሳዋል። ወደ ሐኪም የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ ጥርሱ ሲነቃነቅ ወይም በፊት ጥርሶቹ መካከል ያልነበረ ክፍተት ሲያይ ነው። ያን ጊዜ ጥርሱን የያዘው አጥንት ለዓመታት ሲሟሟ ቆይቷል። በእነዚያ ዓመታት ለሌላ ጉዳይ፣ ለመሙላት ወይም ለመንቀል፣ ወደዚያው ክሊኒክ ሲመላለስ የነበረ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ይከተላል፦ «ይህን ሁሉ ጊዜ ስመጣ ለምን አልነገራችሁኝም?» በእንግሊዝና በአሜሪካ በጥርስ ሐኪሞች ላይ በብዛት ከሚቀርቡት ክሶች አንዱ የድድ በሽታን በጊዜው አለመለየት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በሽታው በሁለት ደረጃ ይታያል። የመጀመሪያው የድድ መቆጣት፣ በሕክምና ስሙ ጂንጂቫይትስ ነው። ጥርስ ላይ የሚለጠፈው ለስላሳ ቆሻሻ፣ ባለሙያዎች ፕላክ የሚሉት፣ ተራ የምግብ ትራፊ ሳይሆን የባክቴሪያ ክምችት ነው፤ ሲጠነክር ታርታር ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1965 የድድ ተመራማሪው ሃራልድ ሎ እና ባልደረቦቹ በዴንማርክ 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ አድርገው ነበር። ከ10 እስከ 21 ቀናት ባለው ጊዜ የሁሉም ድድ ተቆጣ፤ ማጽዳት ሲጀምሩ በሳምንት ገደማ ወደ ጤናው ተመለሰ። ሁለተኛው ደረጃ፣ ፔሪዮዶንታይትስ፣ እንዲህ የዋህ አይደለም። ድዱ ከጥርሱ ተላቆ ኪስ ይፈጥራል፤ አጥንቱ ይጎድላል፤ የጎደለው በአብዛኛው አይመለስም።

ሁሉም ሰው ግን እኩል አይጎዳም። ሎ እና ባልደረቦቹ በስሪላንካ የሻይ እርሻ 480 ሠራተኞችን እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ለ15 ዓመታት ተከታትለዋል። ሰዎቹ የጥርስ ሕክምና አያገኙም፣ ጥርሳቸውንም በተለመደው መንገድ አያጸዱም ነበር። 8 በመቶው በፍጥነት ተጎዱ፣ 81 በመቶው በመጠኑ፣ 11 በመቶው ግን ከድድ መቆጣት አላለፉም። ሲጋራ ማጨስና ያልተስተካከለ የስኳር በሽታ ጉዳቱን እንደሚያፋጥኑ ዛሬ የታወቀ ነው። ስለዚህ ሐኪም «ጥርስህን አድንልሃለሁ» ብሎ ቃል መግባቱ ከሕጉም በፊት ሳይንሱን የተላለፈ ይመስለኛል።

ምርመራው ዓይን ብቻ የሚችለው አይደለም። በሚሊሜትር የተከፋፈለች ቀጭን ዘንግ በድዱና በጥርሱ መካከል ቀስ ብላ ትገባለች፤ በእያንዳንዱ ጥርስ ስድስት ቦታ ይለካል። ሐኪሙ ይጠራል፣ ነርሷ ትጽፋለች፦ «ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ስድስት፣ ይደማል።» እስከ 3 ሚሊሜትር ጤነኛ ነው። 28 ጥርስ ላለው ሰው 168 ቁጥር ይሆናል፤ አሰልቺ ነው፣ ወረፋ በበዛበት ቀን ለመዝለልም ይፈትናል። ከዚያ ራጅ የአጥንቱን ከፍታ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ዓለም አቀፍ አመዳደብ በሽታውን በክብደቱ ከ1 እስከ 4፣ በፍጥነቱ ደግሞ በሦስት ክፍል ይለያል።

ቀለም አሳሳች መሆኑ በእኛ አገር ጎልቶ ይታያል። በሰሜን ኢትዮጵያ ብዙ እናቶች ድዳቸውን ለውበት ተነቅሰዋል። በጠቆረ ድድ ላይ የመቆጣት ቅላት አይታይም። የሚያጨስ ሰውም ድዱ እምብዛም ስለማይደማ ጤነኛ ይመስላል። ለሁለቱም ዘንጓ ካልገባች በቀር ማወቂያ የለም።

ሕክምናው የሚጀምረው ታካሚው ራሱ ጥርሱን እንዴት እንደሚያጸዳ በማሳየት ነው፤ የወይራ መፋቂያ የለመደ ሰው መፋቂያውን በአግባቡ ቢጠቀም ይበልጣል እንጂ መከልከሉ አይጠቅመውም። ቀጥሎ ሰው «ጥርስ እጥበት» የሚለው ይመጣል፤ ከድዱ በላይና በታች ያለው ታርታር ተፈልፍሎ ይወጣል፣ ለጥልቅ ኪሶች በማደንዘዣ። ከስድስት ሳምንት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ እንደገና ይለካል። ኪሱ ካልቀነሰ ቀዶ ሕክምና ይታሰባል። አንቲባዮቲክ ብቻውን አይበቃም፤ ታርታሩን የሚያነሳ እንክብል የለም። ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥ ግን የብዙ ሰው የመጀመሪያ ሙከራ ነው።

«ጥርስ ሲታጠብ ይነቃነቃል» የሚለው አባባል ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። እውነት አይደለም፣ ከምንም ተነስቶ ግን አልተባለም። ታርታር የላሉ ጥርሶችን እንደ ሲሚንቶ አያይዞ ይቆያል፤ ሲነሳ መነቃነቁ ይሰማል። ያበጠው ድድ ሲሰክን ጥርሱ የረዘመ ይመስላል፣ ክፍተት ይታያል፣ ቀዝቃዛ ውኃ ለሳምንታት ይጠዘጥዛል። ይህ ሁሉ ከእጥበቱ በፊት ቢነገር ማብራሪያ ነው፤ በኋላ ቢነገር ሰበብ ይመስላል።

የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው፣ ለዚህ የተመጠነ ነው። በአንቀጽ 2647 መሠረት ሐኪም በግልጽ በጽሑፍ ካልተዋዋለ በቀር እንደሚያድን ዋስትና አልሰጠም፤ ተጠያቂ የሚሆነው በሙያው ደንብ ሲመዘን ጥፋት ሲገኝበት ነው። አንቀጽ 2031ም ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያዝዛል። ሠራተኛው ላጠፋው ተቋሙ በአንቀጽ 2651 ይጠየቃል። ጥርስ መውደቁ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ሳይለኩ ዝም ማለት ግን ሊሆን ይችላል። ከውል ውጭ በሆነ ኃላፊነት ካሳ የሚጠየቀው በ2 ዓመት ውስጥ ሲሆን፣ በውል ላይ የተመሠረተ ጥያቄ በመርህ ደረጃ እስከ 10 ዓመት ሊቆይ ይችላል። የቆየ ካርድ መጣል እንግዲህ ማስረጃን መጣል ነው።

ክርክሩ ሲመጣ ሐኪሙ ያደረገውን ሳይሆን የጻፈውን ይዞ ይቀርባል። ሁለት ካርድ እናወዳድር። አንዱ «የጥርስ እጥበት ተደረገ፤ ምክር ተሰጠ» ይላል። ሌላው፦ «ከታች በስተቀኝ፣ የመጀመሪያው መንጋጋ ጥርስ፣ ከኋላ በኩል 6 ሚሊሜትር፣ ይደማል። በቀን 10 ሲጋራ። የስኳር መድኃኒት ይወስዳል። አጥንቱ መጉደሉ በራጅ ታይቷል፤ ለታካሚው ራጁ ላይ ተጠቁሞ ተነግሮታል። ማጨስ ካላቆመ ጥርሱ ሊነቀል እንደሚችል ተገልጾለታል፤ ‹አስብበታለሁ› ብሏል።» ሁለተኛውን ለመጻፍ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የሥነ ምግባር ኮሚቴም ሆነ ዳኛ ይህን ካርድ ሲያነብ በክፍሉ ውስጥ የተባለውን ይሰማል።

የታካሚው ፈቃድም እንዲሁ ነው። ያስፈረሙት ወረቀት ታካሚው በማያነበው ቋንቋ ከሆነ ፊርማው ብዙ አያወራም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 20 መሠረት ማንም ሰው ምርመራንም ሕክምናንም እምቢ የማለት መብት አለው፤ እምቢታውና የተነገረው መዘዝ አብረው ይጻፋሉ። ደም ማቅጠኛ መውሰዱን አለመጠየቅ፣ የስኳር መጠኑን ሳያውቁ ቀዶ ሕክምና መጀመር፣ ከአቅም በላይ የሆነውን በሽተኛ ወደ ስፔሻሊስት አለመላክ የተለመዱ መሰናከያዎች ናቸው። ከሁሉ የከፋው ቅሬታ ከመጣ በኋላ ካርዱን ማስተካከል ነው። ስህተት የሚታረመው የቀድሞው ጽሑፍ እንዲነበብ በአንድ መስመር ተሰርዞ፣ ቀንና ፊርማ ተጨምሮበት ነው። ተፍቆ ወይም በአዲስ ገጽ ተተክቶ የተገኘ ካርድ ንጹሑን ሐኪም ሳይቀር ጥፋተኛ ያስመስላል።

ክትትሉ ከሕክምናው ይረዝማል። ኪስ የነበረው ሰው ብዙ ጊዜ በየሦስት ወሩ እንዲመለስ ይቀጠራል፤ ደሙ ስለቆመ ግን አብዛኛው ይቀራል። ጠንቃቃ ክሊኒክ ቀጠሮ ሲቀር ይደውላል፣ የደወለበትን ቀን ካርዱ ላይ ያሰፍራል። ታካሚው ከሁለት ዓመት በኋላ ጥርሱን በምላሱ እየገፋ ሲመጣ ያቺ የደወለባት ቀን እዚያው አለች፤ ዘንጓም ከቆመችበት ቁጥር ትቀጥላለች።