የኔትወርክ ክትትል በመሃል አዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶች

የኔትወርክ ክትትል የቢሮ ኮምፒውተሮችን የሚያገናኙ ስዊቾችን፣ መረጃን ወደ ሌላ ኔትወርክ የሚያሳልፉ ራውተሮችን፣ መረጃና አገልግሎት የሚይዙ ሰርቨሮችንና የቅርንጫፍ መስመሮችን ሌት ተቀን እየጠየቁ ሁኔታቸውን የማወቅ ሥራ ነው። ከሰንጋ ተራ እስከ ካዛንቺስ በተደረደሩት ባንኮችና መሥሪያ ቤቶች ዋነኛ ዓላማው ደንበኛው መስኮት ላይ «ሲስተም የለም» ሳይባል መድረስ ነው። ይህ ሳይሳካ ሲቀር ቢያንስ ችግሩ ከመብራት፣ ከመሥሪያ ቤቱ የራሱ ዕቃ ወይም ከመስመር አቅራቢው መሆኑን ይለያል፤ በዚህ ከተማ ግማሹ ሥራ ይኸው መለየት ነው።

ስልክ ወደ አገሪቱ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ነው ይባላል። ኮምፒውተሮች በስልክ መስመር ደብዳቤ መለዋወጥ ሲጀምሩ ግን ቀዳሚውን ድርሻ የያዘው የአፍሪካ ኢኮኖሚክ ኮሚሽን ግቢ ነበር። በኮሚሽኑ ሥር የነበረው የመረጃ ተቋም ፓዲስ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፓዲስኔትን ዘረጋ። አሠራሩ ፊዶኔት የተባለው በስልክ ጥሪ ደብዳቤ የሚለዋወጥ ኔትወርክ ነበር፦ ደብዳቤው ይጠራቀማል፣ ኮምፒውተሩን ከስልክ መስመር የሚያገናኘው ሞደም ይደውላል፣ የተጠራቀመው በአንድ ጥሪ ወጥቶ የመጣው ይገባል። ክትትል ከተባለም ጥሪው ተሳክቶ እንደሆነ መዝገቡን ማየት ነበር። ይህን የኢትዮጵያ ኢንተርኔት መነሻ የሚያደርጉ አሉ፤ ቀጥታ ግንኙነት ስላልነበረ ግን አያስኬድም። ኢንተርኔት የተጀመረው በቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን፣ በጥር 1989 ዓ.ም ነው። ከዚያ የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን የሚያገናኘው ወረዳኔትና ትምህርት ቤቶችን የሚያገናኘው ስኩልኔት መጡ፤ ኢትዮ ቴሌኮም በኅዳር 2003 ዓ.ም ተመሠረተ።

ዛሬ የሚሠራባቸው መሣሪያዎች ግን ከነዚህ ሁሉ ጎን ለጎን በውጭ የተወለዱ ናቸው። አንድ ዕቃ በኔትወርኩ ላይ መልስ ይሰጥ እንደሆነ የሚሞክረው ፒንግ እ.ኤ.አ. በ1983 ተጻፈ። መሣሪያዎች ስለራሳቸው መልስ የሚሰጡበት የጋራ ቋንቋ ኤስኤንኤምፒ እ.ኤ.አ. በ1988 ወጣ። የመስመርን ጭነት በሚያሳየው አረንጓዴና ሰማያዊ ግራፉ የሚታወቀው ኤምአርቲጂ እ.ኤ.አ. በ1995 ተጀመረ። ዛሬ ዛቢክስን የመሰሉ ነፃ የክትትል ሶፍትዌሮች በጀት ለጠበበበት ክፍል ትልቅ እፎይታ ሆነዋል፤ ማስጠንቀቂያቸውም ቴሌግራም ላይ በቀጥታ ይደርሳል።

ጀማሪ ባለሙያ ብዙ ጊዜ የሚስተው በመስመሩ ያለፈውን ባይት መሣሪያው የሚመዘግብበትን ቆጣሪ መጠን ነው። የድሮው ባለ 32 ቢት ቆጣሪ የሚቆጥረው እስከ 4.29 ቢሊዮን ባይት ገደማ ነው። ሙሉ በሙሉ በተጨናነቀ የ100 ሜጋቢት መስመር ላይ ከ6 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ፣ በ1 ጊጋቢት ላይ ደግሞ በ34 ሰከንድ ሞልቶ ከዜሮ ይጀምራል። በየ5 ደቂቃው የሚጠይቅ ሶፍትዌር ታዲያ በመሃል ቆጣሪው ስንቴ እንደዞረ ስለማያውቅ የተጨናነቀውን መስመር ባዶ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ባለ 64 ቢት ቆጣሪ መምረጥ ይህን ያስቀራል። ውል ላይ የሚጻፈው ቁጥርም እንዲሁ ማስላት ይፈልጋል፦ 99.9 በመቶ አገልግሎት ማለት በወር 43 ደቂቃ ገደማ መቋረጥ ይፈቀዳል ማለት ነው። የደመወዝ ሰሞን 43 ደቂቃ ከሌላው ቀን 43 ደቂቃ ጋር እኩል አይደለም።

መብራት ሲሄድ ጀነሬተር እስኪነሣ የሚሸከመው ዩፒኤስ የሚባለው ባለ ባትሪ መሣሪያ ነው፤ ስለዚህ የባትሪው ዕድሜና ቀሪ ደቂቃው ከስዊቾቹ እኩል መታየት አለበት። የሰርቨር ክፍል ሙቀትም እንዲሁ። የከተማዋ አየር ቀዝቃዛ ነው ብሎ መዘናጋት ስህተት ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ከዕቃው የሚወስደው ሙቀት ያነሰ ነው።

ፋይበር በቁፋሮ ሲቆረጥ ስክሪኑ የሚያሳየው የመስመሩን መሞት ብቻ ነው። የተቆረጠበትን ሜትር የሚነግረው ኦቲዲአር የሚባለው መሣሪያ ሲሆን ብርሃን ልኮ ተመላሹን በመለካት ርቀቱን ያሰላል። የመንገድ ሥራና የኮሪደር ልማት በበዛባቸው ዓመታት ይህን የያዙት የመስመር ጠጋኞች ሌሊትም ይሠራሉ፤ ሥራቸው ከሚነገርለት በላይ ነው።

የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ገበያውን ከፈተ፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም 2015 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀመረ። ከሁለት አቅራቢ መስመር መውሰድና አንዱ ሲወድቅ ራውተሩ በራሱ ወደ ሌላው እንዲያዞር ማድረግ በዚህ የሚቻል ሆኗል። ሁለቱም ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ እያሉ መሬት ውስጥ በአንድ ቦይ ሊያልፉ ስለሚችሉ፣ ከመፈራረም በፊት ከአቅራቢዎቹ የመስመሩን ካርታ መጠየቅ ያስፈልጋል።