የጠፋው መብራት፦ ስለ አንድ የሼትላንድ የቫዮሊን ዜማ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ዳ ስሎኪት ላይት» ከስኮትላንድ በስተሰሜን ካሉት የሼትላንድ ደሴቶች የወጣ ዝግ ያለ የቫዮሊን ዜማ ነው። ከደሴቶቹ ርቀው ያሉ ተማሪዎችም ይጫወቱታል፤ የተሳሳተ ወሬም አያጣውም።

«ደራሲው የማይታወቅ የጥንት ዜማ ነው»

ደራሲው ቶም አንደርሰን (ከ1910 እስከ 1991 እ.ኤ.አ.) ነው፤ የደረሰውም በ1969 ነው። ሰውየው የአባቶችን ዜማ ከሽማግሌዎች እየለቀመ የሚያስተምር ስለነበረ የራሱም ድርሰት ከጥንቶቹ ጋር ተቀላቅሎ ቢቆጠር አይገርምም።

«ስለ መርከብ መብራት ማማ ነው»

አንደርሰን በተወለደበት መንደር በኤሻ ነስ፣ ገደል አፋፍ ላይ ከ1929 ጀምሮ የቆመ ማማ ስላለ ነው ይህ የሚባለው። ዜማው ግን የሚናገረው ስለ መኖሪያ ቤቶች መብራት ነው። በጥር መጨረሻ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ አንደርሰን ከመንደሩ ሲወጣ ኮረብታው ጫፍ ላይ ዞር ብሎ አየ። በልጅነቱ ከሚያውቀው መብራት የቀረው ጥቂት ነበር፤ ያም ዓይኑ እያየ አንድ በአንድ ጠፋ። ሚስቱ ከሞተች ገና ብዙ አልቆየም። «ስሎኪት» በደሴቶቹ አነጋገር «የጠፋ» ማለት ነው፤ «ዳ» ደግሞ የእንግሊዝኛው «ዘ» ነው።

«ኀዘን ስላለበት ማይነር ነው»

ዲ ሜጀር ነው፤ ሜጀር ብዙ ጊዜ የደስታ፣ ማይነር ደግሞ የኀዘን ስሜት ይሰጣል የሚባል የድምፅ አደራደር ነው። ትዝታን በሜጀር የሰማ ጆሮ ኀዘን ማይነር እንደማያስፈልገው ያውቃል። ጀማሪው የሚበላሽበትም እዚሁ ላይ ነው፤ በዲ እና በኤ ክሮች ላይ ሁለተኛው ጣት ወደ ላይ ከፍ ብሎ ሦስተኛውን መንካት አለበት፤ ኤፍ ሻርፕ እና ሲ ሻርፕ የሚገኙት እንደዚያ ነው። ጣቱ ወደ ኋላ ከሸሸ ኤፍ ሻርፑ ኤፍ ይሆንና ዜማው ሳይታሰብ ማይነር ይሆናል። ማስተካከያው ቀላል ነው፦ መጀመሪያ ሦስተኛውን ጣት አስቀምጡ፣ በዲ ክር ላይ ከሆነ ድምፁን ከክፍቱ የጂ ክር ጋር አመሳክሩ፣ ከዚያ ሁለተኛውን አስጠጉት።

«በዘገየ ቁጥር ያምራል»

ደጋኑ ያልቅባችኋል። በሜትሮኖም (ምት በሚቆጥረው መሣሪያ) በደቂቃ 60 ምት ላይ ጀምሩ፤ አራት ምት በአንድ ስበት ለመጫወት ደጋኑን በሐሳብ አራት ቦታ ክፈሉትና ለአንድ ምት አንድ ሩብ ብቻ ስጡ። ጀማሪ በመጀመሪያው ምት ግማሹን ይጨርስና ሐረጉ መሃል ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። የጣት ንዝረት አታብዙ፤ እኛን ከጠየቃችሁን ለረጃጅሞቹ ኖታዎች ብቻ ይበቃል።

«የሼትላንድ ቫዮሊን ሌላ መሣሪያ ነው»

ያው የተለመደው ቫዮሊን ነው፤ ይህም ዜማ በተለመደው ቅኝት፣ ጂ-ዲ-ኤ-ኢ፣ ይጫወታል። ቫዮሊን ከመምጣቱ በፊት «ጉ» የሚባል ባለ ሁለት ክር መሣሪያ ነበራቸው፤ ክሩ እንደ ማሲንቆ የፈረስ ጭራ ነው። አንዳንድ የደሴቶቹ የቆዩ ዜማዎች በእርግጥ ቅኝት ተለውጦ፣ ኤ-ኢ-ኤ-ኢ ተደርጎ፣ ይጫወታሉ።

«የአየርላንድ ነው»

አይደለም፤ የሼትላንድ ነው። ደሴቶቹም በአየርላንድ ሳይሆን እስከ 1469 በኖርዌይና በዴንማርክ ነገሥታት ሥር ነበሩ።

«የሕዝብ ዜማ ስለሆነ ቀርጾ ለመሸጥ ፈቃድ አያሻም»

በብሪታንያ ሕግ የደራሲ መብት ከሞት በኋላ 70 ዓመት ይዘልቃል፤ የዚህ ዜማ እስከ 2061 መጨረሻ ድረስ ነው። አልበሙ ላይ «የሕዝብ» ብሎ መጻፍ ከክፍያ አያድንም።