የሰበር ውሳኔዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ጀምሮ በየትኛውም እርከን የሚገኙ የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል፤ አዋጅ ቁጥር 1234/2013ም ይህንኑ አጽንቷል። ውሳኔዎቹ ወደ ባለጉዳዩ የሚደርሱት ግን ብዙውን ጊዜ ማን እንደረታና ማን እንደተረታ ብቻ በሚናገር ወሬ ስለሆነ፣ ችሎቱ የተመረኮዘበት ምክንያትና ፍሬ ነገር ይዘነጋል፤ በዚህም ሰዎች መብታቸውን ያጣሉ።

«ሰበር ሌላ ይግባኝ ነው፤ ምስክሮቼ እንደገና ይሰማሉ።» ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 80 ለችሎቱ የሰጠው ሥልጣን መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ያለበትን የመጨረሻ ውሳኔ ማረም ነው። አቤቱታው በቅድሚያ በሦስት ዳኞች ይመረመራል፤ ያስቀርባል (ማለትም በችሎቱ ሊታይ ይገባል) ከተባለ ከአምስት ያላነሱ ዳኞች ያዩታል። የሥር ፍርድ ቤት የትኛውን ምስክር ማመን እንደነበረበት ብቻ የሚከራከር ሰው አያስቀርብም ተብሎ መዝገቡ ቢዘጋ ሊደነቅ አይገባም።

«ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል ዋጋ የለውም፤ የተከፈለውም ገንዘብ ቀረ።» አባባሉን ያስፋፋው በመዝገብ ቁጥር 21448 በ1999 ዓ.ም. የተሰጠው ውሳኔ ነው። ችሎቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723ን ተርጉሞ፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ከመሆኑ በተጨማሪ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መደረግ እንዳለበት ወሰነ። በዚህ ትርጉም መሠረት በሽማግሌዎች ፊት የተፈረመ፣ የምስክሮች ፊርማ ያረፈበትና ዋጋው ሙሉ በሙሉ የተከፈለበት ወረቀት፣ ሻጩ ሽያጩን ከካደ ገዢውን ባለቤት አያደርገውም። ትርጉሙ ከሕጉ ቃል ጋር የሚስማማ ቢሆንም፣ በመንደር ልማድ ተማምነው የገዙ ብዙ ቅን ሰዎችን ክፉኛ እንደጎዳ አምናለሁ። ይሁን እንጂ ኋላ በተሰጡ ውሳኔዎች ሻጩ ውሉን ማድረጉን እስካልካደ ድረስ አለመመዝገቡ ብቻ ውሉን ለማፍረስ በቂ እንደማይሆን ተገልጿል። ውሉ ቢፈርስም እንኳ በቁጥር 1815 መሠረት ተዋዋዮቹ ወደ ነበሩበት ሁኔታ ስለሚመለሱ፣ ሻጩ ቤቱንም ገንዘቡንም ይዞ ሊቀር አይችልም። ውሉ ፈረሰ ሲባሉ ተስፋ ቆርጠው የከፈሉትን ሳይጠይቁ የሚቀሩ ገዢዎች መኖራቸው ያሳዝናል፤ ይህ መብት በይርጋ፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት ጊዜ በማለፉ፣ ሊታገድ ይችላልና።

«እናት ከሞተች ልጁ ያለ ጥያቄ የአባት ነው።» የቤተሰብ ሕጉ በሕይወት ያለውን ወላጅ ማስቀደሙ እውነት ነው። በመዝገብ ቁጥር 23632 በ2000 ዓ.ም. በታየው የደቡብ ክልል ጉዳይ ግን፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደገችው አክስቱ እያለች የክልሉ ፍርድ ቤቶች ልጁን ለዓመታት ላልተንከባከበው አባት ሰጥተውት ነበር። ሰበር ችሎቱ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 እና ኢትዮጵያ ያጸደቀችውን የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 3 ጠቅሶ፣ የሕፃኑ ጥቅም ይቀድማል በማለት ውሳኔያቸውን ሻረ። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ ዘመድ ሁሉ ወላጅን ይቀድማል ማለት ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው፤ ክብደት የተሰጠው ለልጁ አኗኗር እንጂ ለአክስትነት አይደለም።

«በወንጀል ነጻ የወጣ ሰው በፍትሐ ብሔር አይጠየቅም።» የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2149 ዳኛው በወንጀል ችሎት የነጻ መለቀቅ ውሳኔ እንደማይገደድ በግልጽ ይደነግጋል። የማስረጃው ሚዛን ስለሚለያይ፣ በወንጀል በበቂ ሁኔታ ያልተረጋገጠው ድርጊት በካሣ ክርክር ሊረጋገጥ ይችላል።

«ሰበር አንዴ ከወሰነ አይለወጥም።» ይለወጣል። ችሎቱ ቀድሞ የሰጠውን ትርጉም ከሰባት ያላነሱ ዳኞች በተሰየሙበት ሊቀይር ይችላል። ስለዚህ የችሎቱ ውሳኔዎች በታተሙባቸው ቅጾች (ጥራዞች) ውስጥ ያገኘውን የቆየ ውሳኔ ለክርክሩ የሚጠቅስ ባለጉዳይ ወይም ጠበቃ፣ በዚያው ነጥብ ላይ ከዚያ ወዲህ ሌላ ትርጉም መሰጠት አለመሰጠቱን አስቀድሞ ማጣራት ይኖርበታል።