ከዲቲኤስ ወደ ኤስኤስአይኤስ፦ የቆዩ የዳታ ፓኬጆችን ወደ አዲስ ሰርቨር ማሻገር፣ ከሀዋሳ አንጻር

ዲቲኤስ ማይክሮሶፍት በ1998 ኤስኪውኤል ሰርቨር ከተባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌሩ 7.0 ስሪት ጋር ያወጣው የዳታ ማመላለሻ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እዚህ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከኤክሴል፣ ከአክሰስ ወይም ከሌላ ዳታቤዝ ያነሳል፣ ያስተካክላል፣ ይከታል። ሥራው ሁሉ አንድ ላይ ታስሮ ፓኬጅ ይባላል። በ2005 ኤስኤስአይኤስ ቦታውን ወሰደ። ይሄኛው የድሮው እድሳት አይደለም፤ ከመሠረቱ እንደገና የተጻፈ ነው። አሮጌ ፓኬጅ እንዲሁ ኮፒ ተደርጎ የማይሄደውም ለዚህ ነው።

ሀዋሳ ለረጅም ጊዜ የደቡብ ክልል መቀመጫ ነበረች። የየዞኑ ሪፖርት እዚህ ይሰበሰብ ነበር። ከዚያ ሲዳማ በ2020፣ ደቡብ ምዕራብ በ2021 ራሳቸውን የቻሉ ክልሎች ሆኑ። በ2023 ደግሞ የቀረው ለሁለት ተከፈለ። በዚያ ዘመን የተሠራ ፓኬጅ የሰርቨር ስም፣ የፎልደር አድራሻና የዞን ኮድ ውስጡ ተጽፎ ከተገኘ፣ ቴክኖሎጂው ባይቀየር እንኳ መነካቱ አይቀርም።

ከኤስኪውኤል ሰርቨር 2000 ስሪት ወደ 2012 ስሪት ወይም ከዚያ በላይ ቀጥታ መንገድ የለም። 2012 የ2000ን ባክአፕ ሪስቶር አያደርግም። የፓኬጅ ማሻገሪያ ዊዛርዱም (ደረጃ በደረጃ የሚያሻግረው መሣሪያ) ከ2012 ስሪት ጀምሮ ተነስቷል። ስለዚህ መሃል ላይ 2008 አር2 የተባለው ስሪት ይገባል። ዊዛርዱ ቀላል ቀላሉን በደንብ ይሠራል። የከበደውን ግን አሮጌውን ፓኬጅ እንዳለ በአዲስ ሽፋን ይጠቀልለውና «ተሻግሯል» ይላል። ያ ሽፋን ያለ ዲቲኤስ ሞተር (ፓኬጁን የሚያስሮጠው ፕሮግራም) አይነሳም፤ ሞተሩ ደግሞ 32 ቢት ብቻ ነው፤ በ2012 ድጋፉ ቀርቷል። የአክቲቭኤክስ ታስክም፣ ማለትም ፓኬጁ ውስጥ በቪቢ ስክሪፕት ቋንቋ የሚጻፈው ትንሽ ፕሮግራም፣ አብሮት ቀረ። በእኔ እምነት ከአስር መስመር በላይ ስክሪፕት ያለውን ፓኬጅ ከዊዛርዱ ጋር ከመታገል በእጅ እንደ አዲስ መሥራት ይሻላል።

ፓኬጆቹን ፈልጎ ማግኘትም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አንድ ፓኬጅ ሴቭ በተደረገ ቁጥር ኤምኤስዲቢ በሚባለው የሰርቨሩ የራሱ ዳታቤዝ ውስጥ አዲስ ቅጂ ይቀመጣል፤ የድሮውም አይጠፋም። ሌሊት በቀጠሮ የሚሮጠው ሥራ (ጆብ) ሲከፈት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚታየው የተመሰጠረ ረጅም የቁጥርና የፊደል ሰንሰለት ነው። የትኛውን ፓኬጅ እንደሚጠራ ከእሱ አይነበብም።

ዋናው ጣጣ ግን አማርኛው ነው። ዲቲኤስ ዩኒኮድ ጽሑፍን (ዩኒኮድ ፊደላችንን ጨምሮ የዓለምን ፊደላት የሚይዝ የኮድ ሥርዓት ነው) ዩኒኮድ ወዳልሆነ ኮለም፣ ማለትም የሰንጠረዥ ዓምድ፣ ዝም ብሎ ያሳልፍ ነበር፤ በአማርኛ የተጻፈ ስም ጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ያርፋል። ኤስኤስአይኤስ እዚህ ላይ ግትር ነው፦ ዓይነታቸው ካልገጠመ አይሄድም። ባለሙያውን ቢያናድድም ግትርነቱ ደግ ነው። በድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ መረጃ ከሆነ ደግሞ ዳታቤዙ ውስጥ ያለው የላቲን ምልክት ስለሆነ፣ ፊደል በፊደል የሚመልስ ሰንጠረዥ ይፈልጋል።

ቀጥሎ ኮሌሽን፣ ማለትም ሰርቨሩ ቃላትን የሚያነጻጽርበትና የሚደረድርበት ደንብ፣ አለ። በድሮዎቹ ኮሌሽኖች የግዕዝ ፊደል ለማነጻጸሪያ የሚሆን ክብደት አልተሰጠውም። ስለዚህ ለሰርቨሩ የሀዋሳ ክፍለ ከተሞች ስም የሆኑት «ታቦር»፣ «መናኸሪያ» እና «ምስራቅ» እኩል ናቸው። የታቦርን ክፍለ ከተማ ነዋሪዎች ሲጠይቁት የከተማውን ሰው በሙሉ ያወጣል። ሰርቨሩን አዲስ ማድረግ ይህን አይፈታም፤ ኮሌሽኑ ከዳታቤዙ ጋር አብሮ ይመጣልና። ኮለሞቹን በስማቸው 100 ቁጥር ወዳለባቸው፣ ከ2008 ወዲህ ወደመጡት ኮሌሽኖች መቀየር ያስፈልጋል። ያኔ ደግሞ ተደብቆ የነበረው ይወጣል፦ «አዋሳ»፣ «ሀዋሳ» እና «ሐዋሳ» ሦስት ከተማ ይሆናሉ። የኤስኤስአይኤስ ሉክአፕም (ቃሉን ከሌላ ቴብል ጋር የሚያመሳክረው ክፍል) አያገናኛቸውም። አንድ የማስተካከያ ቴብል ቀድሞ ማዘጋጀት ግድ ነው።

ቀኑም እንዲሁ ነው። በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ 30/02፣ ማለትም ጥቅምት 30፣ ለሰርቨሩ የለም፤ የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 30 መስሎት ይመልሰዋል። ይህስ ጥሩ ነው፣ ቢያንስ ይታያል። ክፉው በእኛው አቆጣጠር የተጻፈ 05/07/1997 ነው፤ ያለምንም ቅሬታ ገብቶ ከሰባት ዓመት በላይ ወደኋላ የሄደ መረጃ ይሆናል። ጳጉሜን ያለው መዝገብ በጽሑፍ ኮለም ቢቆይና የተቀየረው ቀን ጎኑ ቢጨመር ይሻላል።

አንድ ነገር ብዙ ሰው ያደናግራል። አዲሱ ፓኬጅ በባለሙያው ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል፣ ሌሊት በጆብ ሲሮጥ ይወድቃል። ምክንያቱ ፓስዎርዱ በሠሪው አካውንት ቁልፍ ተመስጥሮ ስለሚቀመጥ ነው፤ ካልቀየሩት ነባሪው አሠራር ይህ ነው። ጆቡ የሚሮጠው በሌላ አካውንት ስለሆነ መፍታት አይችልም።

ጊዜውን በተመለከተ፣ የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። በሰኔ ማሻገር መስኮት ላይ «ሲስተም የለም» የሚል ወረቀት ለመለጠፍ መዘጋጀት ነው። መስከረም ወይም ጥቅምት ይቀላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስሂዶ የረድፍ ብዛትና የገንዘብ ድምር ማመሳከር ይመከራል። አሮጌው ሰርቨርም የዓመቱ ሒሳብ ኦዲት እስኪደረግ ድረስ ለንባብ ብቻ ክፍት ሆኖ ቢቆይ ጥሩ ነው።