ቦርጭና አምስቱ ቁጥሮች፦ ሐዋሳ ላይ ደጋግመን የምንሰማቸው ስህተቶች

ሐዋሳ ውስጥ ከወራት በኋላ የተገናኙ ሰዎች ሲሳሳሙ «ወፍረሃል፣ ተመችቶሃል ማለት ነው!» መባባል ያለ ነው። በፍቅር ነው የሚባለው። ነገር ግን ወገብ ላይ የተከማቸ ስብ፣ ከፍ ያለ ግፊት፣ ከፍ ያለ ስኳርና የተዛባ የደም ቅባት አንድ ሰው ላይ ሲደራረቡ ሐኪሞች ሜታቦሊክ ሲንድሮም ይሉታል። ለስኳር ሕመም፣ ለልብ ሕመምና ለስትሮክ ያጋልጣል። አብዛኛው ጉዳት ደግሞ ቀድሞ ከታወቀ ሊቀር የሚችል ነው። ለዚህ ነው ስለ እሱ የሚነገሩት ስህተቶች የሚያሳስቡኝ።

«ምንም አያመኝም፣ ምን ልመርመር?»

ሜታቦሊክ ሲንድሮምን ለማወቅ የሚለኩት ነገሮች አምስት ናቸው። የመጀመሪያው ወገብ ነው። ለአፍሪካውያን ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ልክ ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ነው። ሁለተኛው የላይኛው ቁጥር 130 ወይም የታችኛው 85 የደረሰ ወይም ያለፈ የደም ግፊት ነው። ሦስተኛው ጠዋት ቁርስ ሳይበላ ተለክቶ 100 እና ከዚያ በላይ የሆነ ስኳር (ይህና የሚቀጥሉት ሁለቱ በሚሊግራም በዴሲሊትር ናቸው)። አራተኛው 150 እና ከዚያ በላይ የሆነ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ቅባት። አምስተኛው ኤችዲኤል የሚባለው ጥሩው ኮሌስትሮል ሲያንስ ነው፤ ለወንድ ከ40፣ ለሴት ከ50 በታች። ከአምስቱ ሦስቱ ከተገኙ ሜታቦሊክ ሲንድሮም አለ ይባላል። ልብ ይበሉ፣ ከነዚህ አንዱም አያምም። ሕመም እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ዓመት ያልፈዋል።

«ሚዛኔ ደህና ነው»

ሚዛን ስቡ የት እንደተቀመጠ አይናገርም። ጭንና ዳሌ ላይ ያለ ስብ ያን ያህል አያስቸግርም። አስቸጋሪው ሆድ ውስጥ፣ ጉበትና አንጀት ዙሪያ የሚከማቸው ነው። ይህ ስብ ወደ ጉበት ይፈስሳል። ጉበት ቅባት ይይዛል፤ ስኳርና ትራይግሊሰራይድም አብዝቶ ወደ ደም ይለቃል። የደም ስኳርን የሚያወርደው ሆርሞን ኢንሱሊን እንደ ድሮው መሥራት ያቅተዋል። ኢንሱሊን የሚሠራው ቆሽት ደግሞ ለማካካስ ይበልጥ ያመነጫል። የበዛው ኢንሱሊን ኩላሊት ጨው እንዲይዝ ስለሚያደርግ ግፊትም አብሮ ይወጣል። አምስቱ ቁጥሮች አብረው የሚበላሹት በዚህ ምክንያት ነው።

አሜሪካዊው ሐኪም ጄራልድ ሪቨን በ1988 እ.ኤ.አ. ይህን ሰንሰለት ሲያብራራ ውፍረትን ከመለያዎቹ ውስጥ አላስገባም ነበር። ችግሩን ቀጫጭን ሰዎችም ላይ ያየው ነበርና። እጅና እግሩ ቀጭን ሆኖ ቦርጭ ያለው ሰው «እኔን አይመለከተኝም» ማለት የለበትም።

ለመለካት የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ቀጥ ብለው ይቁሙ። በመጨረሻው የጎን አጥንትና በዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል ይዙሩበት። ትንፋሽ ካስወጡ በኋላ ያንብቡ። ሆድ ወደ ውስጥ መሳብ የለም።

«የጾም ምግብ አያወፍርም፣ ጁስ ደግሞ ጤና ነው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በጾም ሥጋና ቅቤ ይቀራል። በምትኩ ግን ዘይት የሚንሳፈፍበት ሽሮ፣ ፓስታ፣ ዳቦ፣ ሳምቡሳና የተጠበሰ ድንች ይመጣል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው። ወጡ ውስጥ ስንት ማንኪያ እንደገባ የምታውቀው የሠራችው ብቻ ናት። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ሄደን የምንበላው ዓሣ ራሱ ብዙ ስብ የለውም። ዘይት ውስጥ ሲጠበስ ነው ነገሩ የሚለወጠው። የዓሣ ሾርባው የተሻለ ነው።

ጁስም እንደዚሁ። አቮካዶ መልካም ነው። ብርጭቆው ውስጥ የሚጨመረው ስኳር ግን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን የሚጨመር ስኳር ከ50 ግራም ባይበልጥ፣ ቢቻል ከ25 ግራም በታች ቢሆን ይላል። 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ብቻውን 30 ግራም ገደማ አለው። ሻይና ቡናው ላይ የምንጨምረው ገና አልተቆጠረም። «ያለ ስኳር አድርግልኝ» ማለት ነውር አይደለም።

እንጀራንም ቆጮንም መተው አያስፈልግም። መጠኑን ቀንሶ ጎመኑን፣ ምስሩንና ሰላጣውን ማብዛት ይበቃል።

«30 ኪሎ ካልቀነስኩ ዋጋ የለውም»

በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ነበር። ስኳራቸው ከፍ ያለ ግን ገና የስኳር ሕመምተኛ ያልሆኑ ከ3,000 በላይ ሰዎች ተሳተፉ። አንዱ ቡድን ክብደቱን 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ሠራ። ከማነጻጸሪያው ቡድን ጋር ሲተያይ በዚህ ቡድን በስኳር ሕመም የሚያዙት በ58 በመቶ ቀነሱ። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድኃኒት የወሰዱት ላይ የቀነሰው 31 በመቶ ነው። 90 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 7 በመቶ ማለት 6 ኪሎ ገደማ ነው። በወራት የሚደረስበት ነገር ነው።

«ጂም ካልገባሁ አይሆንም»

150 ደቂቃ ማለት በሳምንት አምስት ቀን ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ነው። ሐዋሳ ሜዳ ናት፤ «ፍቅር ሐይቅ» የሚባለው የሐይቁ ዳር መራመጃ አለ፤ ባጃጁን ለሁለት ፌርማታ መተው ይቻላል። ሲትአፕ ግን የሆድ ጡንቻ ያጠነክራል እንጂ ከሆድ ላይ ነጥሎ ስብ አያወርድም።

«ሽፈራው፣ ፌጦ፣ ሎሚ በሙቅ ውሃ ቦርጭ ያቀልጣሉ»

አያቀልጡም። ሽፈራው ጥሩ ቅጠል ነው፣ እንደ ጎመን ይብሉት።

«ወፍራም ሰው ሆዳም ነው፣ ሰነፍ ነው»

ይህኛው ከሁሉም በላይ ይጎዳል። ክብደት ሲቀንስ ሰውነት ይታገላል፤ የረሃብ ሆርሞን ይጨምራል፣ የሚያቃጥለው ጉልበት ይቀንሳል። ዘር፣ የእንቅልፍ እጦት፣ ጭንቀትና አንዳንድ መድኃኒቶችም ድርሻ አላቸው። ሰውን ስለ ቦርጩ ማሳፈር አያከሳውም፤ ከጤና ጣቢያ ነው የሚያርቀው።

ደግሞ እኛ አገር ማንም ብቻውን አይበላም። ከአንድ ትሪ እየተበላ፣ «በሞቴ፣ አንድ ጉርሻ!» እየተባለ፣ ለእሱ ብቻ ሌላ ሳህን ቢቀርብለት ስንት ቀን ይዘልቃል? የሚሻለው የቤቱ ወጥ ዘይትና ጨው ቢቀንስ ነው። ልጆቹም ይጠቀማሉ። ጠግቤያለሁ ያለ ሰው ላይ ደግሞ «በሞቴ» አንበል።

«ግፊቴ ተስተካክሏል፣ መድኃኒቱን ላቁም»

የተስተካከለው ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ስለሚሠራ ነው። ክብደት ሲቀንስ መጠኑ ሊቀነስ ይችላል፣ የሚቀንሰው ግን ሐኪሙ ነው። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ የስኳር ክኒን የሚወስዱ ሰዎች ዓቢይ ጾም ወይም ረመዳን ከመግባቱ በፊት የመውሰጃ ሰዓቱንና መጠኑን ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩ። በጾሙ መካከል ላብ፣ መንቀጥቀጥ ወይም ግራ መጋባት ከመጣ ስኳር ወርዶ ሊሆን ይችላል። ወዲያው ጾሙን ፈትቶ ስኳር ያለው ነገር መጠጣት፣ በዚያው ቀንም ሐኪም ማነጋገር ያስፈልጋል።